የዘይቡ ልጅ

በአብዮቱ ሰባተኛ ዓመት አጋሮ ላይ ሥራ ፈት ለመቁጠር የሚነሳ ሰው ቢኖር ትርፉ ድካም ነበር። ሥራ ያለውን ቆጥሮ የቀረውን መተው ይቀላል። ሥራ የነበራቸው የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የቀበሌው ዘበኛ፣ አስተማሪዎቹ፣ የመንግሥቱ መጋዘን ሠራተኞችና ሕዝቡን ለስብሰባ የሚጠራው ባለ ጡሩምባ ነበሩ። ከሁሉም ሥራ የሚበዛበት ባለ ጡሩምባው ነው። ስብሰባው ላይ ሥራ አጥነት የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑና በቅርቡ ታሪክ ሆኖ እንደሚቀር ይነገራል። ሕዝቡም ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ይህን ለመስማት አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

ከገበያው በላይ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሩ በሰም የታሸገ ትልቅ የቡና መጋዘን አለ። የሐጂ ቲጃኒ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የመጋዘኑ የድሮ ሠራተኞች ከየቤታቸው ይመጡና ግንቡ ሥር ይቀመጣሉ። የጠራቸው የለም፤ የሚከፍላቸውም የለም። እግራቸው ለምዶ ነው። የሚቀመጡት እንኳ እንደ ድሮው የሥራ ቦታቸው ነበር። ተሸካሚዎቹ ከበሩ አጠገብ፣ ጆንያ ሰፊዎቹ ከማእዘኑ ላይ፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች ደግሞ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ጥላው ካለበት። አንዱ ተሸካሚ ተሳስቶ ለቃሚዎቹ መሐል ቢቀመጥ ቦታው እንዳልሆነ ይነገረዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ለምሳ ይነሳል። ምሳ ያለው ጥቂቱ ነው፤ ቢሆንም ሰዓቱ ነውና ይነሳል። ስምንት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። አርፍዶ የመጣም ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

ወልደሰማያት ግን የሚቀመጠው ለብቻው፣ ድሮ ሚዛኑ ይቆም በነበረበት በኩል ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቡና ለቅሜ እመለሳለሁ ብሎ ከተጉለት መጥቶ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነው። አርባ ዓመት አልሞላውም፤ ግንቡ ሥር ሲቀመጥ ግን ከዚያ ብዙ ያለፈው ይመስላል።

የዚህ ሰው ሥራ ቡና መንከስ ነበር። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ግን የሐጂ ቲጃኒ ንግድ የቆመው በወልደሰማያት ጥርስ ላይ ነው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በጆንያ ጭኖ ይመጣል። ወልደሰማያት ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከትና ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣል፤ ምክንያቱም ከላይ ያለውን ሁሉም ያደርቃል። ከጀንፈሉ አንዷን ፍሬ ፈልቅቆ በመንጋጋው ይነክሳል። ጥርሱ ሰመጥ ካለ ቡናው እርጥብ ነው፤ ቀጭ ካለ ደርቋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ደግሞ እሱ ብቻ ያውቀዋል። "አንድ ቀን ፀሐይ ይቀረዋል" ይላል፤ ወይም "ሁለት ቀን።" ሐጂ ከሚዛኑ ማዶ ተቀምጠው "ሰምታችኋል" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። እርጥብ ቡና ከተከማቸ እንደሚሻግትና አንዱ ጆንያ መቶውን እንደሚያበላሽ ሐጂ ያውቃሉ።

አንድ ጊዜ የሐጂ እህት ዘይቡ ከሸቤ ቡናዋን ይዛ መጣች። ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ከጓሮዋ ቡና በቀር ምንም የሌላት ሴት ናት። ወልደሰማያት ነከሰና "ሁለት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል" አላት። ዘይቡ ወንድሟን አየች። ሐጂ በዚያን ቀን ወልደሰማያትን ትንሽ ሰደቡት፤ ቀጥለው ግን "ሰምታችኋል" አሉ። ዘይቡ ጆንያዋን አስጭና በመጣችበት ስትመለስ ያ ጥርሳም ጥርሱ ይርገፍ ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ ጥርሳሙ ነው የምትለው።

እንግዲህ ቆጠራው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከመጋዘኑ መታሸግ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ አንድ ኮሚቴ በየነጋዴው ቤት እየዞረ ንብረትና ሠራተኛ ሊመዘግብ እንደሆነ ተሰማ። ከተማው ውስጥ የሚወራው ደግሞ ብዙ ሠራተኛ የተገኘበት ነጋዴ ትልቅ በዝባዥ ተብሎ ይታሰራል የሚል ነበር። ይህን ወሬ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ሐጂ ቲጃኒ ለሠራተኞቻቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሠራተኞቹ ግን ተሰብስበው መከሩ፤ ሐሳቡን ያመጣውም ወልደሰማያት ነበር። ብልኅ ሰው መሆኑ የጎዳው በዚያን ቀን ነው።

ኮሚቴው በመጣ ዕለት ተሸካሚዎቹ ቡና ሊሸጡ የመጡ ገበሬዎች ሆነው ጠበቁ። ጆንያ ሰፊዎቹ መንገደኞች ሆኑ። ያስቸገሩት ሃምሳዎቹ ለቃሚ ሴቶች ነበሩ። ሃምሳ ሴት ባንድ ግቢ ተሰብስቦ የሚቀመጠው ወይ ለሥራ ነው ወይ ለለቅሶ። ስለዚህ ለቅሶ ሆነ። የለቃሚዎቹ አለቃ ፋንቱ ቡናው ላይ ነጠላ አልብሳ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ጠረጴዛቸውን ተሸክመው ሲገቡ ለቅሶ ቤት መግባታቸውን አዩና፣ ጨዋ ሰዎች ስለነበሩ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ጸሐፊው የሞተው ማን እንደሆነ በቀስታ ጠየቀ። ይህን አስቀድሞ ያሰበበት አልነበረም። ፋንቱ አፍዋ ላይ የመጣላትን ጠራች፤ የሐጂ እህት ናት፣ ዘይቡ የሸቤዋ።

በዚያው ቅጽበት ሐጂ ከመስጊድ ተመልሰው በበሩ ገቡ። ግቢያቸው በለቅሶ ተሞልቷል፤ ፋንቱ የእህታቸውን ስም እየጠራች ታለቅሳለች። "ኢና ሊላሂ" ብለው እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ሹክ የሚላቸው ሰው አልተገኘም፤ ኮሚቴው ከጎናቸው ተቀምጦ እያጽናናቸው ነበርና። ዓይናቸው እንባ እየሞላ አንድ ሰዓት ሙሉ በሕይወት ላለች እህታቸው አዘኑ። ኮሚቴውም ጥርጣሬ ቢኖረው ኖሮ እዚያ ላይ ለቀቀው።

ጸሐፊው ሲነሳ ዓይኑ ሚዛኑ አጠገብ በቆመው ወልደሰማያት ላይ ዐረፈ። እሱ ገበሬ አይመስልም፤ መንገደኛም አይመስልም። ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ወልደሰማያት የሟች ልጅ ነኝ አለ። ስሙን ሲጠየቅ ሌላ ስም ማሰብ ስላልቻለ የራሱን ተናገረ። የጸሐፊው ብዕር ቆመ።

"የሐጂ እህት ልጅ፣ ወልደሰማያት?"

"አባቴ ክርስቲያን ነበር።"

ጸሐፊው የጅማ ልጅ ነው። በዚህ አገር ወንድሙ ሼክ እህቱ መነኩሲት የሆኑበት ቤት ያውቃል። አልገረመውም፤ ጻፈው። ሲጨርስ መዝገቡ ላይ እንዲህ የሚል ሰፈረ፦ ሠራተኛ የለም፤ የቅርብ ዘመድ አንድ፤ ለቀስተኛ ብዙ።

ዘይቡ መሞቷን በሦስተኛው ቀን ሰምታ አጋሮ መጣች። ጎረቤት ለለቅሶው ካመጣው ምግብ የተረፈውን በላች፤ ወንድሟን አስቃ አስለቀሰቻቸው፤ በመጨረሻም ልጄን አሳዩኝ አለች። ወልደሰማያት አፍሮ ብቅ ሲል ከላይ እስከ ታች አየችው። ስንት ዓመት አላህን ልጅ ስጠኝ ብዬ ብለምነው ጥርሳሙን ሰጠኝ ብላ ወደ ሸቤ ተመለሰች።

ከሁለት ወር በኋላ መጋዘኑ ታሸገ። የሠራተኛ ብዛት ከነገሩ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ቡናውን መንግሥት ሊገዛው ስለፈለገ ነበር። ሐጂም አልታሰሩም፤ አንድ መኖሪያ ቤት ተውላቸውና እዚያው ገብተው ተቀመጡ። በማግስቱ ግን አንድ ማስታወቂያ ወጣ። በቆጠራው ጊዜ በሠራተኛነት የተመዘገቡ ሁሉ ወደ መንግሥቱ መጋዘን እንዲዛወሩ የሚል ነው። የሌሎቹ ነጋዴዎች ሠራተኞች፣ ስለ ጌቶቻቸው ብዙም ያልተጨነቁት፣ በሰልፍ ገቡ። የሐጂ ቲጃኒ ሰዎች በሙሉ ውጭ ቀሩ። ኋላ ላይ ከሴቶቹ ጥቂቱ በወቅቱ ለለቀማ እየተጠሩ ይገቡ ጀመር፤ ለቀስተኛ መሆን ወንጀል አይደለምና። ወልደሰማያት ግን በመዝገብ የበዝባዥ ዘመድ ነው። ለእሱ በሩ ጨርሶ ተዘጋ።

በመንግሥቱ መጋዘን በእሱ ቦታ የሦስት ሳምንት ኮርስ የወሰደ አንድ ተረካቢ ተቀመጠ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቡና መንከስ ግን አልተማረም። የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ይፈርማል። ወልደሰማያት ግንቡ ሥር ተቀምጦ ነፋሱ ከመንግሥቱ መጋዘን በኩል ሲመጣ የሻጋታውን ሽታ ይሰማዋል። እንዲያ ባለ ቀን ለማንም ሳይናገር ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቁጭቱን ለማን ይነግረዋል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃንነሽ አለች። ሚስቱ ናት፤ ሁለት ሴት ልጆች ወልዳለታለች። በመጀመሪያው ዓመት ሳጥኗንና የሠርጓን ቀሚስ ሸጠች። በሁለተኛው ዓመት ገበያ ዳር ተቀምጣ ሸንኮራ መቸርቸር ጀመረች። በሦስተኛው ዓመት ምሳውም እራቱም ጎደሬ ሆነ። ወልደሰማያት ጎደሬውን ነክሶ አንዳንዴ ሳያስበው "አልበሰለም" ይላል። ብርሃንነሽ ቀና ብላ ታየዋለች፤ እሱም ይውጠዋል። አስተማሪዋ ትልቋን ልጅ ያባትሽ ሥራ ምንድን ነው ብላ ብትጠይቃት መጋዘን ነው የሚውለው አለች። አልዋሸችም።

በነዚህ ዓመታት ወልደሰማያት ሰባት ጊዜ ጅማ ተመላልሷል። ጉዳዩን የያዘው ጽሕፈት ቤት ከአወቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ የጉዳዩ ኃላፊ ጓድ ሽበሺ ይባላል። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ጠረጴዛው በሥራ ፈላጊ ማመልከቻ የተቀበረ ሰው ነው። ወልደሰማያት የሐጂ ዘመድ እንዳልሆነ ሲነግረው ማስረጃ ይጠይቀዋል። እናቴ ተጉለት ናት ቢል፣ መዝገቡ እናትህ ሸቤ ሞታለች ይላል። ክርስቲያን ነኝ ቢል፣ ጓድ ሽበሺ የራሱ አክስት ሙስሊም አግብታ ለጢፋ የምትባል ልጅ እንዳላት ያጫውተዋል። በመጨረሻ ሽበሺ አዘነለትና አንድ መንገድ እንዳለ ነገረው። ሐጂ ቲጃኒ ራሳቸው ቀርበው፣ ይህ ሰው ዘመዴ ሳይሆን ቀጥሬ ያሠራሁት ነው ብለው ይፈርሙ።

ወልደሰማያት ይህን ለሐጂ መንገር አልሆነለትም። ስንት ወር ተሸክሞት ዞረ። በመጨረሻ ብርሃንነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ ነገረቻቸው። ሐጂ ትናንት ብትነግሪኝ ትናንት እሄድልሽ ነበር አሏት።

ጊዜውም ተመቸ። ከአጋሮ የሄደው ቡና ሻግቶ ተመልሶ ነበርና የመንግሥቱ መጋዘን ራሱ ቡና የሚያውቅ ሰው ይፈለግልኝ ብሎ ለጽሕፈት ቤቱ ጽፏል። ሽበሺ የቅጥር ደብዳቤውን አስተይቦ እንዳስቀመጠ ለወልደሰማያት አስታወቀው። የቀረው ሐጂ ሞልተው የሚፈርሙት ቅጽ ብቻ ነው።

ቅጹን ለመሙላት ሐጂና ወልደሰማያት እሳቸው ቤት ተቀመጡ። አብዛኛው ቀላል ነበር። አንዱ ጥያቄ ግን በዝባዡ ሠራተኛውን የበዘበዘበትን ሁኔታ በዝርዝር ይግለጹ የሚል ነው። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አሰቡ።

"በፋሲካ ቀን አሠርቼህ አውቃለሁ?"

"አያውቁም ሐጂ። በግም ይሰጡኝ ነበር።"

"ስትታመምስ?"

"ሐኪም ቤት የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት።"

"ማሎ ወልዴ፣ እባክህ አንድ ነገር አስብ እንጂ። ባዶውን ልንሰጠው ነው?"

ወልደሰማያት አሰበ። "የዘይቡን ቡና ስመልስ ሰድበውኛል።"

"ዱጉማ፣ እውነትህን ነው፣ ሰድቤሃለሁ" አሉ ሐጂ ተደስተው። ሥራውን በአግባቡ ያከናወነን ሠራተኛ በዘመድ ምክንያት ሰድቤያለሁ ተብሎ ተጻፈ። ሁለቱም ቅጹን ደጋግመው አነበቡትና ጥሩ ሆነ አሉ።

በቀጠሮው ዕለት በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል። አንድ የተጠቀለለ ብርድ ልብስና የዉዱእ መታጠቢያ ማንቆርቆሪያቸውን በገመድ አስረው ይዘዋል። ወልደሰማያት ጅማ ዘመድ ጋ ሊያድሩ ነው ብሎ ገመተ፤ አልጠየቀም። ልቡ ደብዳቤው ጋ ነበር። ከበሻሻ መታጠፊያ ጀምሮ ለብርሃንነሽ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት ነው የሚያስበው። ደብዳቤውን ዝም ብሎ ጭኗ ላይ ሊያኖረው አሰበ።

ሽበሺ በአክብሮት አስቀመጣቸው። የቅጥር ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማኅተሙ ተረግጧል፤ ከሰኞ ጀምሮ የሚለው ከሩቅ ይነበባል። የጎደለው ፊርማ ነው። ሽበሺ ቅጹን አንዴ አነበበ፤ ሁለተኛ አነበበ። ሲያነብ ፊቱ እየጨለመ ሄደ።

"ሐጂ፣ እንግዲያው በቆጠራው ጊዜ ሠራተኛ ነበረዎት ማለት ነው።"

"ነበረኝ። ስልሳ ሁለት።" ሐጂ ይህን ሲሉ ኮራ ብለው ነበር።

"መዝገቡ ሠራተኛ የለም ነው የሚለው። በመንግሥት ቆጠራ ላይ ሠራተኛ መደበቅ አሻጥር ነው፤ ያስጠይቃል። ማን ነው የደበቀው?"

"እኔ ነኝ፤ ጻፍ።"

ሽበሺ ብዕሩን አነሳ፤ ወዲያው መልሶ አስቀመጠው። ይህን ከጻፈ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ መጥራት እንዳለበት፣ ሽማግሌውም ወደ ቤታቸው እንደማይመለሱ ያውቃል። ወልደሰማያት ያን ጊዜ ከሐጂ እግር ሥር ያለውን ብርድ ልብስ አየው። ማንቆርቆሪያውንም አየ። ሐጂ ጅማ ሊያድሩ አልነበረም የመጡት። አጋሮ ላይ አውቶቡስ ሲሳፈሩ አውቀውታል፤ ምናልባት ብርሃንነሽ የነገረቻቸው ዕለት አውቀውታል። የደበቀውም እሱ ራሱ ወልደሰማያት ነበር እንጂ እሳቸው አልነበሩም፤ እሳቸውማ አፈር ላይ ተቀምጠው አልቅሰዋል።

ደብዳቤው ከክንዱ አንድ ስንዝር አይርቅም። ብርሃንነሽን አሰባት፤ ጎደሬውን አሰበ። ዝም ካለ ሰኞ ሥራ ይገባል፤ ከእሱ የሚፈለገው ዝምታ ብቻ ነው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ዝም ማለት አምሮት አያውቅም።

"ጓድ ሽበሺ" አለ። "እሳቸውን አይስሟቸው። አጎቴ ናቸው። ሥራ ማጣቴ አሳዝኗቸው ነው እንዲህ የሚሉት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ልባቸው ልክ አይደለም።"

"ውሸቱን ነው፤ ወላሂ ዘመዴ አይደለም" አሉ ሐጂ።

"የእናትህ ስም?" አለ ሽበሺ፤ ቀና ሳይል።

"ዘይቡ።"

ሽበሺ ብዙ አልቆየም። ማንንም የማያስጠይቀውን ጻፈ። አመልካቹ የቀድሞው ነጋዴ የሐጂ ቲጃኒ እህት የወይዘሮ ዘይቡ ልጅ መሆኑ በራሱ ቃል ስለተረጋገጠ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል ብሎ ፈረመበት፤ ማኅተም መታበት። አንዱን ቅጂ ለሐጂ ሰጠ። የቅጥር ደብዳቤውን በሁለት ጣቱ አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ሲሸኛቸው በሩ ድረስ መጣ፤ ለሌላ ባለጉዳይ እንዲያ ሲያደርግ አይቶት የሚያውቅ የለም።

ወደ አጋሮ ሲመለሱ ሐጂ ብርድ ልብሳቸውን አቅፈው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተጓዙ። ተቆጥተዋል። አውቶቡሱ ከግማሽ መንገድ በላይ ከሄደ በኋላ ነው የተናገሩት። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እስር ቤትም ውስጥ ይሰገዳል፤ ልጆች ያሉት እሱ ነው፤ ምን ሆነህ ነው ብለው ጠየቁት። ወልደሰማያት ለብርሃንነሽ ምን እንደሚላት ብቻ መልሶ ጠየቃቸው። እውነቱን ንገራት አሉት።

እውነቱን ነገራት። ብርሃንነሽ አራት ቀን አላናገረችውም። ደግሞስ ለምን ታናግረው፤ ሁለት ዓመት ሸንኮራ ስትቆርጥ እጇ ተሰነጣጥቋል። በአምስተኛው ቀን ጎደሬውን ሰሃን ላይ እያወጣች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ "ብታሳስራቸው ኖሮ ግን ዕድሜ ልክህን አላናግርህም ነበር" አለችው። ይህን ካለች በኋላ ኑሮ እንደ ድሮው ቀጠለ። እሱም ግንቡ ሥር ተመልሶ ተቀመጠ።

ኅዳር ገባ፤ ቡናው ቀላ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሐጂ የላኩት ሰው ግንቡ ሥር መጥቶ ወልደሰማያትን ፈለገ። "እናትህ ዐርፋለች፣ ና ተብለሃል" አለው። ፋንቱ ቀስ ብላ፣ አሁን የምር ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የምር ነበር። ዘይቡ ቡና ስትለቅም ደክሟት ተቀምጣ በዚያው ቀርታለች። ፋንቱ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሳች፤ ያንን የፊተኛውን ለቅሶ ዕዳ አድርጋ ይዛው ኖሮ ፊቷ ጠቁሯል። ሴቶቹም ተነሱ። ባዶውን ወደ ሸቤ የሚሄድ የጭነት መኪና ለምነው ተሳፈሩ። ከሥራ ለመቅረት ፈቃድ መጠየቅ ያላስፈለጋቸው ለቀስተኞች ስለነበሩ ቁጥራቸው ብዙ ነበር።

ሲደርሱ ተቀብራለች። ወልደሰማያት በሩ አጠገብ ጥግ ይዞ ሊቀመጥ ሲል ሐጂ እጁን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡት። የሸቤ ሰው እየመጣ አላህ ያጽናህ ይለዋል፤ እሱም አሜን ይላል። መጀመሪያ አፍሮ ነበር። ቆይቶ ግን አለቀሰ። በሕይወት ሳለች ገድሏት ነበር፤ እሷ ደግሞ ስቃ ልጄ ብላዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ በማለዳ ተነስቶ ሰው ተቀበለ፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ውሃ አቀረበ፣ ሸኘ። ከመጋዘኑ መታሸግ ወዲህ ሰው አንተ አትሂድ፣ ትፈለጋለህ ያለው በነዚያ ሦስት ቀናት ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ። ካጽናና በኋላ ወደ ነገሩ ገባ። የዘይቡ የጓሮ ቡና ትንሽ ናት፤ ልጅ ካላት ለልጇ ይለቀቃል፤ ከሌላት ግን ለማኅበሩ አባላት ይከፋፈላል። ሐጂ ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከጅማ የመጣው ነው። ሊቀ መንበሩ ዘርግቶ አየው። ጥያቄው ውድቅ ሆኗል የሚለው ላይ ብዙም አልቆየም፤ የወይዘሮ ዘይቡ ልጅ የሚለውን በጣቱ ተከትሎ አነበበ፤ ማኅተሙን ወደ ፀሐይ አድርጎ መረመረ። ከዚያ ቀና ብሎ ስሙን ደግሞ ጠራው።

"ወልደሰማያት?"

"አባቱ ክርስቲያን ነበር" አሉ ሐጂ።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አጥፎ መለሰላቸው። ልጅየው ቡናውን ያልማ፣ ምርቱንም እንደ ማንኛውም ገበሬ ለመንግሥቱ መጋዘን ያስረክብ አለና ሄደ። የመንግሥቱ መጋዘን ማለት ያው የአጋሮው ነው፤ ቡናው እዚያ ገብቶ ከነሻጋታው ጋር ይቀላቀላል። ይህን ለማስቀረት ማንም ማኅተም አልነበረውም።

ሰው ሲመናመን ወልደሰማያት ወደ ጓሮ ዞረ። ዘይቡ የመጨረሻውን ቡናዋን ሰሌን ላይ እንዳሰጣችው ነው። ጎረቤቶች ለቅሶው መሐል ደርቋል ብለው ሊያነሱት ጆንያ ይዘው ቆመዋል። ፋንቱና ሴቶቹ ገና ሳይጠየቁ ሰሌኑ ዳር ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ከመልካሙ ይለያሉ። ወልደሰማያት ጎንበስ ብሎ እጁን ከክምሩ ሥር ሰደደ። አንዷን ፈለቀቃት፤ ነከሳት። ለሦስት ዓመት ቡና አልነከሰም ነበር። ሁሉም አፉን እያዩ ጠበቁ።

"ሁለት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል" አለ።

ሐጂ በከዘራቸው ተደግፈው ከቤቱ ጥግ ቆመዋል። "ሰምታችኋል" አሉ። ጎረቤቶቹ ጆንያውን አጠፉ፤ ሴቶቹም ሰሌኑን በአራቱም በኩል ይዘው ፀሐዩ ወዳለበት ጎተቱት።